የባሕር አረምና የቤታችን ጨው

ወቅቱ የጾመ ነነዌ ሰሞን ነበር። እኛ በምንኖርባት በፓዌ፥ ከጸሎት በኋላ ለተሰበሰቡት ሕፃናት መጽሐፈ ዮናስን እናስተምር ነበር። ነቢዩ በዓሣ አንበሪ ሆድ ውስጥ ሆኖ በጸለየው ጸሎት፥ የባሕር አረም በራሱ ላይ መጠምጠሙን ከሚናገርበት ስፍራ በደረስን ጊዜ፥ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የ9 ዓመት ልጅ እጇን አነሣችና፥ «ጋሼ፥ ባሕር ውስጥም አረም አለ እንዴ? ማን ያርመዋል?» ብላ ጠየቀችን። ልጆቹ ሁሉ ሣቁ፤ እኛም ሣቅን። ነገር ግን ጥያቄዋ የሚያሥቅ አልነበረም። ክረምቱን ከአባቷ ጋር የማሽላና የአኩሪ አተር ማሳ ስታርም የከረመች ልጅ፥ አረም ሲባል ብትሰማ ማን ይነቅለዋል ብላ ብትጠይቅ የሚገባት ነው።

«የሚያርመው የለም፤ እንዲያውም ዘርተው አሳድገው የሚበሉት ሕዝቦች አሉ» ብለን መለስንላት። በዚህ ጊዜ ሣቁ ቆመ። ከወንዶቹ አንዱ ደግሞ፥ «የጾም ነው የፍስክ?» ሲል ጨመረ። ለእነዚህ ሕፃናት በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት የሰጠነውን መልስ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎችም ልናካፍል ወደድን። ነገሩ ከሩቅ ባሕር ቢጀምርም፥ የሚያልቀው ከየቤታችን ማድ ቤት ነውና።

እኛ ራሳችን ባሕርን በዓይናችን አይተን አናውቅም። ወላጆቻችን በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በዚህ በመተከል ምድር ሲሰፍሩ፥ እኛ የ5 ዓመት ሕፃን ነበርን። ያወቅነው ውኃ የበለስ ወንዝ ነው፤ የተማርነውም በአንድ ወገን ከየኔታ እግር ሥር፥ በሌላ ወገን ለሰፋሪዎች ልጆች በተከፈተው ትምህርት ቤት ነው። ስለ ባሕር የምናውቀው ሁሉ በመጽሐፍ ያገኘነው ነው። ይሁን እንጂ ባሕር ለሩቅ አገር ሰው ምን እንደሚያደርግለት፥ ባሕርም ሲጎድልበት ምን እንደሚደርስበት፥ በገዛ ቤታችን አይተነዋል።

የባሕር አረም የሚባለው እንደ ምድር ተክል እውነተኛ ሥርና ግንድ የለውም። በባሕር ዳርቻ ከዐለት ላይ ተጣብቆ፥ ምግቡን ከውኃው በገላው ሁሉ እየመጠጠ የሚያድግ ነው። በቀለሙ በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም ቡናማ፥ ቀይና አረንጓዴ ነው። ጃፓኖች ኮምቡ የሚሉት ሰፊው ቡናማ አረም ሾርባ ማጣፈጫ ነው፤ ዋካሜ የሚሉትን በሾርባ ውስጥ ይከቱታል፤ ኖሪ የሚሉትን ቀዩን ደግሞ እንደ ወረቀት አስሰው አድርቀው ሩዝ ይጠቀልሉበታል። በኮሪያ አገር የወለደች ሴት ከአራስ ቤት ሳትወጣ የዚህን አረም ሾርባ ደጋግማ ትጠጣለች፤ የልደት ቀን በሚከበርበትም ጊዜ ያው ሾርባ ይቀርባል። የእኛ እናቶች ለአራስ ገንፎና አጥሚት እንደሚያዘጋጁ፥ እነርሱም ከባሕር አረም ያዘጋጃሉ ማለት ነው።

ይህ ምግብ ያለ ምክንያት አልተወደደም። ስቡ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለአንጀት ሥራ የሚረዳ የተክል ክር ሞልቶበታል፤ ካልሲየም፥ ማግኒዚየምና ብረትን የመሰሉ ማዕድናትም ይገኙበታል። ሥጋ ወይም የወተት ተዋጽኦ ስላይደለ፥ ያ ልጅ ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ «የጾም ነው» የሚል ነበር። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ከገበያ ቢያገኙት በጾም ማዕዳቸው ላይ ሊያኖሩት ይችላሉ። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የባሕርን አረም ከምድር አትክልት ሁሉ ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም አዮዲን ይባላል።

የዚህ ነገር ታሪክ ደስ የሚያሰኝ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቻይናዊው ሐኪም ጌ ሆንግ፥ አንገታቸው ያበጠባቸው ሰዎች በወይን የተዘፈዘፈ የባሕር አረም እንዲጠጡ አዝዞ ነበር። ለምን እንደሚያድን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ብዙ ዘመን ቆይቶ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1811፥ በርናር ኩርትዋ የተባለ ፈረንሳዊ ለባሩድ የሚሆን ቅመም ከባሕር አረም ዐመድ ሲያወጣ፥ አሲድ አብዝቶ ቢጨምርበት ሐምራዊ ጢስ ተነሣ፤ ጢሱም ሲበርድ ጥቁር አብረቅራቂ ጠጠር ሆነ። ከጢሱም ቀለም የተነሣ በግሪክ ቋንቋ አዮዲን ተባለ። በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንስዋ ኩዋንዴ ይህን አዮዲን ለእንቅርት መድኃኒት አድርጎ ሰጠ። በ1895 ደግሞ ጀርመናዊው ኦይገን ባውማን በሰው አንገት ውስጥ ባለው በታይሮይድ ዕጢ አዮዲን መኖሩን አገኘ። እንዲህ ሆኖ የጥንቱ የቻይና ሐኪም ትእዛዝ ምሥጢሩ ተገለጠ።

የታይሮይድ ዕጢ ቅርጹ ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ነው፤ ከማንቁርት በታችም ይገኛል። ሥራው የሰውነትን ሙቀት፥ የልብን ምትና የአካልን ዕድገት የሚያዝዝ ቅመም ማዘጋጀት ነው፤ ይህንንም ያለ አዮዲን ሊሠራ አይችልም። አዮዲን ሲያጣ፥ ያለችውን ጥቂት ለመሰብሰብ ሲል እየሰፋ ይሄዳል። እንቅርት የምንለው ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለአንድ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮ ግራም፥ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ማይክሮ ግራም ነው። ማይክሮ ግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ለ70 ዓመት ዕድሜ የሚበቃን ሁሉ ቢደመር 4 ግራም አይሞላም። ነገር ግን ያችን ጥቂት በየቀኑ ማግኘት ግድ ነው፤ ሰውነት እንደ ጎተራ አከማችቶ ለብዙ ዘመን አያኖራትምና።

እንግዲህ በእኛ አገር ለምን ጠፋች? ዝናም አፈሩን ሲያጥብ፥ በአፈሩ ላይ ያለችውን አዮዲን ጠርጎ ወደ ወንዝ፥ ወንዙም ወደ ባሕር ይወስዳታል። የፓዌ ክረምት ብርቱ ነው፤ በለስ ሞልቶ ደፍርሶ ወደ ዓባይ ሲወርድ የሚወስደው ጭቃ ብቻ አይደለም። በተጠረገ አፈር ላይ የበቀለ ማሽላና ዳጉሳ አዮዲን አይኖረውም፤ ያንን ሣር የበላች ላምም ወተቷ ድኻ ይሆናል። ባሕር ግን ከዓለም ሁሉ የተጠረገውን ተቀብሎ ያኖራል፤ የባሕር አረምም ከውኃው ውስጥ ለቅሞ በገላው ያከማቻል።

በ1997 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆኑ ከ100 ልጆች 40 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል፤ ጉዳቱ ከበረታባቸው ክልሎችም አንዱ የእኛው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነበር። በዚያው ጥናት ከ100 እናቶች 36 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው፤ ውርጃና ሞቶ መወለድም እንቅርት ባለባቸው ሴቶች ዘንድ በዝቶ ታይቷል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት በአገራችን የተወለደው፥ እንቅርት ለሰው ሁሉ የታወቀ መከራ ስለ ነበረ አይደለምን?

ከእነዚያ እናቶች አንዷ የእኛ እናት ነበሩ። እንቅርታቸውን ከወሎ ይዘውት መጥተዋል። በአንገታቸው ዙሪያ በሦስት ረድፍ የተወጋ ንቅሳት ነበረባቸው፤ ገና ልጃገረድ ሳሉ ባልቴቶች እንቅርት ያጠፋል ብለው በመርፌ ወግተው በጥላሸት ያቀለሙት ነው። ንቅሳቱ እንቅርቱን አላጠፋውም፤ እንቅርቱ ግን እያደገ ሲሄድ ንቅሳቱን ለጠጠው። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ድረስ ያጣፉ ነበር፤ እኛም በልጅነታችን ይህን የጭምትነት ምልክት አድርገን እንቆጥረው ነበር። ከእኛ በፊት 2 ልጆች ሞተው ተወልደውባቸዋል። ጎረቤት «ሾተላይ አለባት» ይል ነበር፤ እርሳቸውም በኃጢአቴ ነው እያሉ ያለቅሱ ነበር። ምክንያቱ ያው የአዮዲን እጥረት ነበር ብለን ለመወሰን አንደፍርም፤ የመረመራቸው ሐኪም አልነበረምና። ነገር ግን ያ እንባ በኃጢአት ሳይሆን በአንዲት ጭብጥ ጨው ጉድለት የመጣ ሊሆን ይችል እንደ ነበር ስናስብ፥ ልባችን ይነካል። በስተርጅና ወደ ሐኪም ብንወስዳቸው፥ ብዙ ዘመን የቆየና የጓጎለ እንቅርት በጨው እንደማይቀልጥ፥ ጨው የሚጠቅመው ገና ለሚወለዱትና ለሚያድጉት እንደ ሆነ ነገሩን። እናታችንም ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «እንግዲያስ ለልጆችህ አድርግላቸው» አሉን።

እኛም አድርገናል ብለን እናምን ነበር። በ2008 ዓ.ም. አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወደምናስተምርበት ትምህርት ቤት መጥታ፥ ተማሪዎች ሁሉ ከየቤታቸው አንዳንድ ማንኪያ ጨው በወረቀት ጠቅልለው እንዲያመጡ አሳሰበች። በማግስቱ ወረቀቶቹ በጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ፤ እኛም ለምሳሌ ይሆን ዘንድ የቤታችንን ጨው ጨመርን። እኅታችን ከትንሽ ብልቃጥ አንዳንድ ጠብታ አፈሰሰችባቸው። የአንዳንዱ ጨው ወዲያው ሐምራዊ ሆነ፤ የአንዳንዱ ፈዘዝ ያለ ቀለም አወጣ፤ የአንዳንዱ ግን እንዳለ ቀረ። ልጆቹ እንደ ተአምር ከበው ይመለከቱ ነበር። የእኛ ዘንድ ሲደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «መምህር፥ የእርስዎ ነጭ ሆኖ ቀረ» አለችን።

በዚያን ጊዜ ባለቤታችን የ4 ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ጨውን ከገበያ የምንገዛው እኛ ነን፤ ከጆንያ እየተሰፈረ የሚሸጠው ጥሬ ጨው በዋጋ ጥቂት ይቀንሳል፥ ወጥም ያጣፍጣል እየተባለ ከአባቶቻችን የወረስነው ልማድ ነበረን። በክፍል ቆመን ስለ አዮዲን ስናስተምር፥ በቤታችን ምድጃ አጠገብ በቅል የተቀመጠው ጨው ባዶ ነበር። ይህን የምንጽፈው ራሳችንን ለማዋረድ አይደለም፤ ማወቅና ማድረግ ሁለት መሆናቸውን በገዛ ቤታችን ስለ ተማርን ነው። በዚያው ዕለት ማታ ጨዉን ለወጥን፤ ባለቤታችንንም ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድን። ልጁ በደኅና ተወለደ፤ ዛሬ በትምህርት ላይ ነው።

የእናት ጉድለት ለምን እንዲህ ያስፈራል ቢባል፥ በማኅፀን ያለ ሕፃን አእምሮው የሚታነጸው በእናቱ አዮዲን ስለ ሆነ ነው። እጥረቱ እጅግ ሲበረታ ሕፃኑ ደንቆሮና ድዳ፥ አካሉም የቀጨጨ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። በመጠኑ ሲሆን ግን ጉዳቱ በዓይን አይታይም፤ ልጁ ጤናማ ይመስላል፥ ትምህርት ግን ይከብደዋል። ብዙ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፥ አዮዲን በብርቱ የጎደለባቸው ማኅበረ ሰቦች ልጆች በአእምሮ መለኪያ ፈተና በአማካይ 13 ነጥብ ያህል ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። እኛም በመምህርነት ዘመናችን «ሰነፍ» ብለን የገሠጽናቸውን ልጆች እናስታውሳለን። ስንቱ በእውነት ሰነፍ ነበር? ስንቱስ በእናቱ ማኅፀን ሳለ የተራበ ነበር? ለዚህ ጥያቄ መልስ የለንም፤ ተግሣጻችን ግን ከዚያ ወዲህ ቀንሷል።

ባሕር የራቀባቸው አገሮች ለዚህ መላ ፈልገዋል። በተራሮች የተከበበችው ስዊዘርላንድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 በጨው ውስጥ አዮዲን መጨመር ጀመረች፤ አሜሪካም በ1924 ተከተለች። ጨው የተመረጠበት ምክንያት ሀብታምም ድኻም በየቀኑ፥ በተመሳሳይ መጠን ስለሚበላው ነው። በእኛ አገር አዮዲን ያለው ጨው ከኤርትራ ወደቦች ይመጣ ነበር፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፥ ገበያውንም አዮዲን ያልገባበት የአፍዴራ ጨው ያዘው። በ2003 ዓ.ም. ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት የሚያዝዝ ደንብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ወጣ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ባወጣው ጥናት፥ ከ100 ቤቶች በ89 ያህሉ አዮዲን ያለው ጨው ተገኝቷል፤ በቂ መጠን ያለው ግን በ26ቱ ብቻ ነበር። ይህ ማለት ጨዉ ከቤት ደርሷል፥ አዮዲኑ ግን ከፋብሪካ ወይም በመንገድ ወይም በማድ ቤት ቀርቷል ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው፥ «ጨው ከባሕር የወጣ ከሆነ አዮዲን በራሱ አይኖረውምን?» ይለናል። የለውም ማለት ይቀላል። የባሕር ውኃ በፀሓይ ሲደርቅ በጨዉ ውስጥ የሚቀረው አዮዲን እጅግ ኢምንት ነው፤ አሞሌውም እንዲሁ። ከባሕር ውኃ አዮዲንን የሚለቅመው አረሙ እንጂ ጨዉ አይደለም። ስለዚህ ለእኛ አረሙ ያደረገውን ሥራ በሰው እጅ በጨዉ ላይ መጨመር አስፈለገ።

ይህ ነገር ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ቤተ ሰቦች ይበልጥ ያሳስባል። በዓመቱ ውስጥ ከ180 ቀን የሚበልጠውን ከወተት፥ ከዕንቁላልና ከሥጋ ተከልክለን በሽሮ፥ በምስርና በጎመን እናሳልፋለን። ከእነዚህ ጥራጥሬዎች የሚገኘው አዮዲን ጥቂት ነው። በጾም ቀን ከባሕር ወደ ማዕዳችን የሚደርሰው በጨው በኩል ብቻ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ጾሙ ሰውነትን የሚጎዳ ሆኖ አይደለም፤ ጨዉ ጥሩ ሲሆን ጾሙም ጤና ይሆናል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን ስለ ጾሟ ከንስሐ አባቷ ጋር፥ ስለ ጤናዋም ከሐኪም ጋር ትመካከር።

ከዚህ ጋር ሁለት ስሕተት እንዳይደርስ እናሳስባለን። የመጀመሪያው፥ በውኃ የበቀለ አረንጓዴ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ ነው። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን አረንጓዴ ሐይቅና በሻላ አቅራቢያ ያለውን የጪቱን ሐይቅ የሚያቀልመው ስፒሩሊና የሚባል ደቂቅ ፍጥረት ነው። በቻድ አገር የካኔምቡ ሴቶች ከሐይቅ ቀድተው በአሸዋ ላይ አድርቀው ለወጥ ያደርጉታል፤ ፕሮቲኑም ብዙ ነው። ነገር ግን የባሕር አረም አይደለምና ከእርሱ አዮዲን አይጠበቅም። ሁለተኛው፥ ጥቂቱ ከጠቀመ ብዙው ይበልጥ ይጠቅማል ማለት ነው። አንድ ግራም ደረቅ ኮምቡ ለአንድ ቀን ከሚያስፈልገው 10 እጥፍ የሚበልጥ አዮዲን ሊኖረው ይችላል። በጃፓን በሆካይዶ ጠረፍ፥ ኮምቡ በብዛት በሚበሉ ሰዎች ላይ ከብዛቱ የተነሣ እንቅርት ታይቷል። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ አገር የባሕር አረም እንክብል ቢልክ፥ ይልቁንም የታይሮይድ ሕመም ላለበት ሰው፥ ሐኪም ሳይጠየቅ አይወሰድ።

ውድ አንባቢያን፥ እንግዲህ በቤታችን ልናደርገው የሚገባን ቀላል ነው። አንደኛ፥ አዮዲን እንዳለበት የተጻፈበትን፥ ታሽጎ የሚሸጠውን ጨው እንግዛ። ሁለተኛ፥ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ፥ ከፀሓይና ከምድጃ አርቀን እናስቀምጠው፤ ብርሃን፥ ሙቀትና እርጥበት አዮዲኑን ያባርሩታልና። ሦስተኛ፥ ጨዉን አንጠበው፤ ወጡም ሊወርድ ሲል እንጨምረው። አራተኛ፥ በእኛ አገር የሚበላውን የቀርከሃ ቡቃያ፥ እንዲሁም ካሳቫን ደኅና አድርገን ቀቅለን ውኃውን እንድፋው፤ በጥሬያቸው ያለው መርዝ ዕጢው አዮዲንን እንዳይቀበል ይከለክላልና። አምስተኛ፥ ይህን ሁሉ ሰምተን ጨው አናብዛ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የሚፈለገው ብዙ ጨው ሳይሆን ጥሩ ጨው ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት እንደምናነበው፥ የኢያሪኮ ሰዎች ውኃቸው ክፉ እንደ ሆነ፥ ምድሪቱም ፅንስ እንደምታስወርድ ለነቢዩ ኤልሳዕ በነገሩት ጊዜ፥ በአዲስ ዕቃ ጨው እንዲያመጡለት አዘዘ። ያ የእግዚአብሔር ተአምር ነው፤ እኛ በኬሚስትሪ ልንተረጕመው አንደፍርም። ነገር ግን ያን ክፍል ስናነብ እናታችንን ሳናስብ አናልፍም። ዕቃውም አዲስ እንዲሆን መታዘዙን እናስተውላለን።

ያች ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ስትመጣ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው በእጇ ይዛ ነበር። «ጋሼ፥ የእኛ ሐምራዊ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችን። ወደ ጤና ኬላ ይዘነው ሄድን።